የወይዘሮ ትርንጎ አስፓራገስ

ቀረብ በሉማ፣ ኮምቦልቻ የሆነውን ልንገራችሁ።

ወይዘሮ ትርንጎ በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ቀን ቢሮው ሲጸዳ፣ መስኮቱ ሥር በባልዲ ያሳደጉት አስፓራገስ ከቆሻሻው ጋር ተጥሎ አገኙት። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሙሽሮች ከጽጌረዳ ጋር የሚይዙት ያ አረንጓዴ ተክል ነው። ከነባልዲው አቅፈው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከዚያ ሁሉ ዓመት የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ግን ቢጫ ሆነ። በየጠዋቱ ያጠጡታል፤ ይሙቀው ብለው ፀሐይ ላይ ያወጡታል፤ እሱ ቅጠሉን ያራግፋል። ሥሩም ባልዲውን ሞልቶ ጎኑን ሰነጠቀው። "ሰፊ ሸክላ ባገኝለት" አሉና ሸክላ ሠሪዋ ይመኙሻል ዘንድ ሄዱ።

"እትዬ፣ ሸክላውስ ደርቋል፤ ግን አልተተኮሰም" አለቻቸው። "ማንደጃ ኩበት አልቆብኛል።"

ከብት አርቢው አቶ እንድሪስ ዘንድ ሄዱ። "አቶ እንድሪስ፣ ለይመኙሻል ኩበት ይላኩላት። ኩበት ካልመጣ ሸክላው አይተኮስም፤ ሸክላው ካልተተኮሰ አስፓራገሴ አይድንም።"

"ኩበቱማ ተከምሯል" አሉ አቶ እንድሪስ፤ "የሚጭነው ጠፋ እንጂ። ባለጋሪው ሙሄ ይኸው ሳምንት ሆነው፣ ብቅ አላለም።"

ሙሄን ጋሪው ላይ ተቀምጦ አገኙት። "ሙሄ፣ ምነው ቆምክ? ጋሪው ካልሄደ ኩበት አይመጣም፤ ኩበት ካልመጣ ሸክላው አይተኮስም፤ ሸክላው ካልተተኮሰ አስፓራገሴ አይድንም።"

"ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት ተሰብሮብኝ ነው፣ እትዬ። በያጁ ታረቀኝ ደግሞ ሱቁን ዘግቷል።"

ወደ ታረቀኝ ቤት ሄዱ። "ታረቀኝ፣ ምነው ዘጋህ? ብረቱ ካልተበየደ ጋሪው አይሄድም፤ ጋሪው ካልሄደ ኩበት አይመጣም፤ ኩበት ካልመጣ ሸክላው አይተኮስም፤ ሸክላው ካልተተኮሰ አስፓራገሴ አይድንም።"

ታረቀኝ በሩን መለስ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። እናቴ ግን ከወደቀች ወዲህ ብቻዋን መሆን ፈራች። ከበር ስወጣ ትጣራለች። እንዴት ትቻት ልሂድ?"

ወይዘሮ ትርንጎ ገቡ። የታረቀኝ እናት እማማ አስካለ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው ነበር።

"እማማ፣ ልጅዎ ካልወጣ ብረቱ አይበየድም፤ ብረቱ ካልተበየደ ጋሪው አይሄድም፤ ጋሪው ካልሄደ ኩበት አይመጣም፤ ኩበት ካልመጣ ሸክላው አይተኮስም፤ ሸክላው ካልተተኮሰ አስፓራገሴ አይድንም።"

አሮጊቷ ከትራሳቸው ቀና አሉ። "ይኼ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት ነው የቆመው?" አሉ። "ልጄንም ሥራ ማስፈታቴን አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ፈርቼ ነው። እስቲ አንቺ ቁጭ በይልኝና እሱ ይሂድ።"

ወይዘሮ ትርንጎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ "ቁጭ በይልኝ" ያላቸው ሰው አልነበረም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉ።

እማማ አስካለ ለካ ድሮ ችግኝ ጣቢያ ሠርተዋል። "ተክልሽ ፀሐይ ላይ ነው እንዴ?"

"አዎ።"

"አንሺው! እሱ ብርሃን ያለው ጥላ ነው የሚወደው። ውኃም አፈሩ ከላይ ደረቅ ሲል እንጂ በየቀኑ አይደለም። ሥሩ ላይ ነጫጭ እብጠት ታያለሽ፤ ውኃውን የሚያስቀምጥበት ነውና እንዳትጥይው። በቢላ ለሁለት ክፈይው፤ ቢጫውን በሙሉ ከታች ቁረጪው።"

"በሙሉ? ካልበቀለስ?"

"ሥሩ ካለ ይበቅላል። እሾህ አለው፣ እጅሽን ብቻ ጠብቂ።"

ወይዘሮ ትርንጎ ቁጭ አሉ፤ ታረቀኝ ወጣ። ታረቀኝ ወጣ፤ ብረቱ ተበየደ። ብረቱ ተበየደ፤ ጋሪው ሄደ። ጋሪው ሄደ፤ ኩበቱ መጣ። ኩበቱ መጣ፤ ሸክላው ተተኮሰ። ይመኙሻልም አንድ ቢሏት ሁለት ሰጠቻቸው።

ወይዘሮ ትርንጎ ሥሩን ለሁለት ከፈሉት። ቢጫውን በሙሉ ቆረጡት። አንዱን ሸክላ ለራሳቸው አስቀሩ፤ ሌላውን እማማ አስካለ መስኮት ላይ አኖሩት። ታረቀኝ ሱቅ በሚውልበት ቀን ሁሉ እየመጡ ከእሳቸው ጋር ይቀመጣሉ። ሦስት ሳምንት ባዶ አፈር አዩ።

"ዛሬም የለም፣ እማማ።"

"ታገሺ።"

በአራተኛው ሳምንት ወይዘሮ ትርንጎ አርፍደው ደረሱ። ታረቀኝ የለም። እማማ አስካለ ብቻቸውን፣ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ተቀምጠዋል።

"ውይ፣ ብቻዎን ዋሉ! ለምን አልተጣሩም?"

"እስኪ ድምፅሽን ቀንሺና ነይ እዪ" አሉ አሮጊቷ። ከአፈሩ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብሏል። "ከጠዋት ጀምሮ እሱን ሳይ፣ ልጄ መውጣቱንም ረስቼዋለሁ።"

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ እኔ ዘንድ የደረሰው ለእናንተም ደረሰ።