ሳይነድ የሞቀ ድስት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱ የሞተችበት። አስካለ፣ የጥያቄሽን መልስ የምታገኚው ከእሱ ነው። «አባ፣ ከእናቴ ተዝካር የተረፈው ወጥ ዛሬም በትልቁ ድስት አለ፤ እህል መድፋት ግፍ አይደለም ወይ?» ብለሽ እኔን የነፍስ አባትሽን ጠይቀሽኛል። እንግዲያው ስሚኝ።

ይህ ገበሬ ለአጨዳ ደቦ ጠርቶ ነበር። ሚስቱ ለአጫጆቹ ትልቅ ድስት ሙሉ የሥጋ ወጥ ሠራች፤ ድስቱን ከምድጃ አውርዳ ከደነችና ራሴን ብላ ወደቀች። በዚያው አልተነሣችም። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው ቀባሪ ሆኑ። እንደምታውቂው ለቅሶ ቤት ምግብ አይበስልም፤ ጎረቤት እንጀራውንም ወጡንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማድ ቤቱን የከፈተ፣ ድስቱንም ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ሠልስቱ አልፎ ለቀስተኛው ሲበተን ሰውዬው ማድ ቤት ገባ። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ አመዱ ላይ የአይጥ ዱካ አለ። ድስቱን በእጁ ቢነካው ግን ለብ ብሏል። እጁን ሰበሰበ። እሳት ያነደደ ማንም የለም። ቀስ ብሎ ጆሮውን ቢያስጠጋ ከውስጥ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰማ፤ ክዳኑ ትንሽ ከፍ አለና መልሶ ተቀመጠ።

«አለሽ እንዴ?» አለ።

ክዳኑ እንደገና ከፍ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ይወጣ ነበር። እሱን ግን ሐዘን አደንዝዞታልና ደስ አለው። ከፈተው። መልኩ ደህና ነው፤ ኮረሪማው ያውዳል። በጣቱ ጠቅሶ ቢቀምስ፣ ጥቂት ኮምጠጥ ከማለቱ በቀር የሚስቱ እጅ ነው። ሁለቱን ልጆቹን ጠርቶ «እናታችሁ ድርሻችሁን አስቀምጣላችኋለች፤ ኑ ብሉ» አላቸው። ለትንሿ ጠቅልሎ ሊያጎርሳት እጁን ዘረጋ። ልጅቷም አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ አማቱ፣ የሟቿ እናት፣ በሩ ላይ ደረሰች። ጉርሻውን ከእጁ ነጠቀች፤ ድስቱን አንሥታ ወጣችና ከቤቱ ጀርባ ካለ ጉድጓድ ገለበጠችው።

«ልጅዎን ዳግመኛ ቀበሯት!» ብሎ ጮኸ።

«ልጄ በሕይወት ብትኖር» አለች አሮጊቷ እያለቀሰች፣ «ይህን ወጥ በዕለቱ አከፋፍላ፣ ድስቱን አጥባ ታድር ነበር። የእሷ እጅ ልጆቿን የሚገድል መሰለህ?»

አፈር መለሰችበት። አፈሩ ግን ዝም ብሎ አልተኛም፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይተነፍሳል። እስኪረጋ ድረስ ሁለቱም ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ሰውዬው በጣቱ በቀመሳት በዚያች ጥቂት ወጥ ብቻ ሆዱን ይዞ ሰነበተ፤ ከመደቡ ሲነሣ አጥንቱ ቀርቶ ነበር። ለልጅቷ ያዘጋጀላት ሙሉ ጉርሻ ነበር።

እንግዲህ አስካለ፣ ገበሬው አንቺ ነሽ፤ ድስቱም ቤትሽ ያለው ነው። ሰውዬው የሚወዳትን ያገኘ መስሎት ነበር፤ ድስቱ ውስጥ ያደረው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያ ነገር ወዳጅ ዘመድ አያውቅም። ሁልጊዜ አይሸትም፤ በርበሬና ኮረሪማ ይሸሽጉታል። ትልቅ ድስት እንደተከደነ ሙቀቱን አቅፎ ያድራል፤ ያ ነገር የሚራባው በዚያ ሙቀት ነው። ከተራባ በኋላ ብታፈይውም መርዙ ይቀራልና አታምኚው። ግፉስ የቱ ነው? እህልን ከሰው አፍ ከልክሎ እስኪበላሽ ማቆየት ነው ግፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ያን ዕለት ለጎረቤት ለነዳያን አዳርሰሽ፣ የቀረውን በትንንሽ ዕቃ ከፍለሽ ቶሎ አብርደሽ ፍሪጅ ብታስገቢው፣ በማግስቱም እስኪንተከተክ አሙቀሽ ብትበሉት፣ እኔ ምን አገባኝ! አሁን ግን አልፏል፤ ድፊው። እናትሽን በጸሎት አስቢያት፤ ድስቷን ፈትገሽ እጠቢና ሥሪበት።

ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ልጆችሽ ከትምህርት ቤት ርቧቸው የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ሩጪ።