እልልታ ከቆጠራው በፊት

አቶ መሸሻ ለምክር ቤት ተወዳድረው ድምፁ ከተፎካካሪያቸው ጋር ስለተቀራረበ እንደገና እየተቆጠረ ነበር። እሳቸው ግን ውጤቱን ሳይጠብቁ ድንኳን ጥለው የሰፈሩን ሴቶች እልል አስባሉ። አጥራቸው ስር ቲማቲም የምትሸጥ፣ ልጅ ያዘለች እናት ብቻ ዝም አለች።

«አንቺ፣ እልል በይ እንጂ። እምቢ ካልሽ ነገ ከአጥሬ ስር ትነሻለሽ» አሏት።

ሌላ መሸጫ ቦታ የላትም፤ ሆዷ ፈራ። አፏ ግን አልፈራም።

«ጌታዬ፣ ይሄን ልጅ ስወልድ ሴቶቹ እልል ያሉት አዋላጇ ወጥታ ከነገረቻቸው በኋላ ነው። እርስዎ ገና ምጥ ላይ ነዎት። ለምጥ የምንለው ሌላ ነው» አለችና «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመረች።

ድንኳን ሙሉ ሴት እየሳቀ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ ተቀበላት። አቶ መሸሻም ሳቅ አሸንፏቸው ሆዳቸውን ያዙ።

«በቃ ተይኝ፤ ቦታሽ ላይ ቆዪ» አሏት።

«አይዞዎት ጌታዬ፣ ሆድዎን ከያዙማ ሊገላገሉ ነው።»