ዚያዳ የሰጠችው ሰንጢ

ስሟን የሚያውቁ ሰዎች እርስ በርስ ስላልተስማሙ ስሟን የምንተወው፣ በተራሮች መሐል የተቀመጠች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ይወርድና እስከ መስጊዱ ደጃፍ መጥቶ፣ ጫማ ለማውለቅ የቆመ እንግዳ ይመስል እዚያው ያመነታል። ለሱብሂ የሚወጡ ሰዎች የሚተዋወቁት በሳላቸውና በሰላምታቸው እንጂ በመልካቸው አልነበረም።

በዚያች ከተማ ሐጂ ጠይብ የሚባሉ፣ ኪታብ የቀሩ ጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው። ነጭ አቡጀዲ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥሎበታል። ነፋስ ሲገባ ጨርቁ ሁሉ በአንድነት ስለሚተነፍስ፣ ገዢው ደመና ውስጥ የገባ ይመስለው ነበር። ድምፅ እንኳን እዚያ ውስጥ ለስልሶ ነው የሚሰማው።

ሐጂ የሚታወቁት ግን በጨርቃቸው ብዛት አይደለም። ስል ብረት በእጃቸው ባለመንካታቸው ነው። ነገሩ የጉርምስና ነው። ሙሄ ከሚባል የልብ ጓደኛቸው ጋር ገበያ ውስጥ ድንኳን ለምትተከልባት ቁራሽ መሬት ተጣሉ፣ ጠይብ ጩቤ መዘዙ፣ የሙሄን ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው ቀደዱት። ሙሄ በአላህ ፈቃድ ዳነ፤ ይቅርም አለ። ጠይብ ግን ያን ዕለት ደሙ ከእጃቸው ሳይታጠብ «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ስል ብረት በእጄ አልይዝም» ብለው ማሉ። ሰውዬው ሸመገሉ፣ ሐጅ አድርገው ተመለሱ፣ መሐላቸውም አብሯቸው ሸመገለ።

ታዲያ ጨርቅ እንዴት ይሸጣሉ? በክንዳቸው ይለኩና ጠርዙን በጥርሳቸው ነከስ አድርገው በሁለት እጃቸው ይሰነጥቁታል። ጨርርር ይላል። መንገደኛው ድምፁን ሲሰማ «ሐጂ ናቸው» ብሎ ዱዓ አድርጎ ያልፋል። ውሎ አድሮ ከተማው ከዚህ ልማድ አወጣ። ሰው ሲሞት ከፈኑ፣ መገነዣ ጨርቁ፣ ከሐጂ ሱቅ ካልመጣ ቤተሰቡ አይረካም። «ብረት ያልነካው ከፈን» ይሉታል። መቃብር ያሰፋል፣ ለመላእክት ጥያቄ ልብ ያረጋጋል ብለው የሚምሉም ነበሩ። በየትኛው ኪታብ እንዳገኙት የነገረን የለም። ሰው ሶላቱን ከማስተካከል ይልቅ ከፈኑን ማስተካከል ይቀለዋል። ሐጂ እንዲህ በሉ ብለው አላዘዙም። ተዉም አላሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅ። ስል ብረት የማይነኩ ሰው ቤት የሚቆረጠውን ሁሉ ማን ይቆርጠዋል?

ባለቤታቸው ዚያዳ ናታ። የሽንኩርትና የሥጋውን አላነሳም፣ እሱ የየቤቱ ነው። የሐጂን ብርቱካን ልጣ የምታቀርበው እሷ፣ በየጁሙዓው ጥፍራቸውን የምትቆርጠው እሷ፣ የጫማቸው ጠፍር ሲረዝም የምታሳጥረው እሷ። ከዚያ ደግሞ የሐጂ የፊት ጥርስ እየወላለቀ ሄደ። ያኔ ዚያዳ ከሱቁ በስተኋላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ አለች። ሐጂ ጨርቁን ለክተው ጫፉን በመጋረጃው ስር ያሳልፉላታል። እሷ በመቀስ ጫር ታደርገዋለች። እሳቸው ይስቡና አፋቸው ጋ አስጠግተው፣ የነከሱ መስለው፣ በገዢው ፊት ይሰነጥቁታል። ገዢው «ማሻአላህ» ይላል።

ሐጂ አልዋሹም፤ ማንም «ማን ጫረው?» ብሎ አልጠየቃቸውም። አልዋሹም ብለን እኛ እንለፈው። እሳቸው በኋላ አላለፉትም።

ዕድሜ ግን መጋረጃ አይመልሰውም። የዚያዳ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ። በተለይ በጉሙ ወራት መታጠፍ እምቢ ይሉና፣ መቀሱን ለመያዝ ብቻ እጇን ብብቷ ስር ከታ ረጅም ጊዜ ታሞቃለች። ለሐጂ አልነገረቻቸውም። ለምን አልነገረችም የምትሉ ወንዶች ካላችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

አንድ ቀን ሐጂ ሱብሂን ሰግደው ዚክራቸውን ሲጨርሱ፣ ዚያዳ በነጭ ቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፊታቸው አስቀመጠች። ፈቱት። ሰንጢ ነው። እጀታው የማር ቀለም ያለው ቀንድ፣ ስለቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተኛ። ክር ፈትላ ከሸጠችበት ነው የገዛችው።

ሐጂ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ሰንጢ።»

«ሰንጢ መሆኑንማ አየሁት። ለማን ነው?»

«ለባሌ። ሌላ ባል እንዳለኝ ሰምተዋል እንዴ?»

«ዚያዳ፣ መሐላዬን ታውቂያለሽ።»

«ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። አብሬው የምውለው እኔ ነኛ።»

«ታዲያ ልታስፈርሺኝ ነው?»

«ስጦታ ነው ያመጣሁት፣ ሐጂ። ደስ ካለዎት ይያዙት፣ ካልሆነም መስኮቱ ላይ ይቀመጥ። ስመርጠው ግን ደስ ብሎኝ ነበር።»

ይህን ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች። ሐጂ ከሰንጢው ጋር ተፋጠው ቀሩ። ቢይዙት ከተማው «ሐጂ መሐላቸውን አፈረሱ» ይላል፤ ያ ሁሉ ዱዓ፣ ያ ሁሉ እጅ መሳም ይቀራል። ቢመልሱት ደግሞ፣ ከእሳቸው ምንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት ደስ ብሏት ያመጣችውን ነገር ፊቷ ላይ መመለስ ነው። በመጨረሻ ሰንጢውን ከነጨርቁ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። የያዝኩት ጨርቁን ነው፣ ብረቱን አይደለም ብለው ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ። ዓሊም ሰው ለራሱ ፈትዋ ማግኘት አያቅተውም።

በዚያው ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሱቃቸው ውስጥ ሸለብ አደረጋቸው። በህልማቸው ጉም የመሰለ ጨርቅ ይሰነጥቃሉ። ይስባሉ፣ ጨርቁ አያልቅም። በሚናራው ላይ፣ በመቃብሮቹ ላይ፣ በተራራው ጫፍ ላይ እየተዘረጋ ይሄዳል። ሲቀደድ ድምፅ የለውም። ሌላኛውን ጫፍ ማን እንደያዘው ሊያዩ ጨርቁን ተከትለው ሄዱ። መንገዱ ረጅም ነበር፣ ድካም ግን አልነበረውም። እግራቸው መሬት የነካ አይመስላቸውም። በስተመጨረሻ ሁለት እጆች አገኙ። ከእጆቹ በላይ ያለው ሁሉ በጉሙ ተሸፍኗል። እጆቹን ያውቋቸዋል፤ የማን እንደሆኑ ግን ስሙ ምላሳቸው ላይ አልመጣ አላቸው። አጠገባቸው ቆመው ሊያስታውሱ ሲታገሉ «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚል ድምፅ ቀሰቀሳቸው።

ሸምሱ ነበር፣ የእህል ነጋዴው ልጅ፣ ከዘመዶቹ ጋር። አባቱ ጠዋት አርፈው ከሰዓት በኋላ፣ ከዓስር ሶላት ቀጥሎ ሊቀበሩ ነው። ሙሄ እንደ ልማዱ በሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጦ ሙስበሃውን ይቆጥራል። ያ ጠብ ካለፈ ወዲህ የሚቀመጥበት ቦታ እሱ ነው።

«ሐጂ፣ ብረት ያልነካውን ስጡን» አለ ሸምሱ፣ ዓይኑ ቀልቷል። «አባቴ አደራ ብሎኛል።»

ሐጂ ለማልቀስ ለቀረበው ልጅ ዱዓ አደረጉለት። ጣቃውን አወረዱ፣ ለኩ፣ ጫፉን እንደ ሁልጊዜው በመጋረጃው ስር አሳለፉ። ጠበቁ። መልስ የለም። ጨርቁን ትንሽ ነቅነቅ አደረጉት። ከኋላ መቀስ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ተነሳ። እንደገና ወደቀ።

ሐጂ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ዚያዳ መቀሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትታገላለች። ጣቶቿ አብጠው አልታጠፍ ብለዋል። ሐጂ እጆቹን አዩ። በዚያች ቅጽበት የህልሙ እጆች የማን እንደሆኑ ታወሳቸው።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ትንሽ ይቆዩኝ፣ አሁን ይታጠፋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሐጂ፣ ሰዎቹ ጀናዛ ይዘዋል። ጥያቄውን ለቤት ያድርጉልኝ።»

ሐጂ መቀሱን ከእጇ ወሰዱ። «ብረት ነው» አለች፣ ደንግጣ። «አውቃለሁ» አሏትና ወለሉ ላይ አኖሩት። ከዚያ መጋረጃውን እንደተገለጠ ትተው ወደ ሰዎቹ ወጡ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቁራጩን ጨርቅ አወጡ፣ ፈቱት። መክፈት ግን አልቻሉበትም። ጣታቸው ይንሸራተታል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ከጀርባው በኩል ነው» አለ ሙሄ ከደፉ ላይ። «በጥፍርህ ሳበው። ጣትህን ከፊቱ አርቅ።»

ተከፈተ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው የጨርቁን ጠርዝ በሰንጢው ቆረጡት።

«ሐጂ፣ ብረት ነካው እኮ» አለ ሸምሱ።

«ልጄ፣ ድሮም ይነካው ነበር። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ሚስቴ እዚያ ተቀምጣ በመቀስ ትጭረዋለች፣ እኔ እናንተ ፊት እሰነጥቀዋለሁ። እናንተ በረካ ስትሉት ዝም አልኩ። ዝምታዬ ተስማምቶኝ ነበር። አባትህ አደራ ያሉህ ነገር እኔ ዘንድ የለም።»

«የእናቴስ ከፈን? ከዚህ ነው የወሰድነው።»

«የእናትህም እንዲሁ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። እሳቸውን አላህ በሥራቸው ነው የሚቀበላቸው፣ በእኔ ጨርቅ አይደለም።»

ከዘመዶቹ አንዱ «መሐላውስ?» አለ። «ይኸው በዓይናችን ፊት መፍረሱ አይደለም?»

የመለሰለት ሙሄ ነው፤ ፊቱን ግን ወደ ሐጂ አዙሮ። «ጠይብ፣ እኔ ይቅር ያልኩህ ጢምህ ሳይሞላ ነው። አንተ ግን ጨርቅ በነከስክ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ ክንዴን ያያል። ልጄን ስድር እንኳ ‘የሐጂ ጠይብ ቁስለኛ ልጅ’ ነው ያሏት። እኔ ረሳሁት፣ መሐላህ አላስረሳ አለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰው ተሰልፎ እጅህን ሲስም በየት በኩል ገብቼ ልንገርህ?»

ከመጋረጃው በኩል ዚያዳ ሳል አለች፤ ሳቅ ነው የሚሉም አሉ።

ሸምሱ ጨርቁን ሳይወስድ ወጣ። ሊፈረድበት አይገባም፣ አባቱን ሊቀብር የሚሄድ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ሰው ከፈኑን ከማዶው ሱቅ መግዛት ጀመረ። የማዶው ነጋዴ በዚያው ከሰዓት በኋላ መቀሱን ደብቋል ይባላል።

ሐጂ መሐላቸውን እንደ ቀላል ነገር አላዩትም። ዲኑ ለዚህ መንገድ አበጅቷል፤ የማለ ሰው ከማለበት የሚሻል ነገር ካየ የሚሻለውን ይሠራል፣ ለመሐላውም ከፋራ ይከፍላል። ከፋራው አስር ሚስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ ነው። ማልበሱን መረጡ። የአስሩንም ልብስ በሰንጢው ራሳቸው ቆረጡት። ዚያዳ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ፣ በበሩ በሚገባው ፀሐይ እጆቿን አሙቃ፣ «ጠመመ፣ ወደ ግራ ይመልሱት» እያለች ታዛቸዋለች። ነፋሱ ሲገባ ሁለቱም በነጩ ጨርቅ ይሸፈናሉ፤ ጨርቁ ሲመለስ እዚያው ናቸው፣ እሳቸው እየቆረጡ፣ እሷ እያዘዘች። ያዩ ሰዎች፣ ሐጂ እንደ ሕፃን ምላሳቸውን አውጥተው ነበር የሚቆርጡት ይላሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅር ያለው ጎረቤት መጥቶ «ያ ሁሉ ዘመን የኖሩበት ተውበት፣ ያ ሁሉ ጸጸት፣ እንዲያው ከንቱ ሊቀር ነው?» አላቸው።

ሐጂ ለዚያዳ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ቀና ብለው አዩትና እንዲህ አሉ፦ «ተውበቴን አላህ እንዲቀበለኝ እለምነዋለሁ። ግን እኔ ከብረት ስሸሽ፣ ብረቱን ለሚስቴ አስይዤ ነበር።»

የሐጂ ቃል አጭር ናት፤ ብዙ ሰው ግን የሚያነባት ግማሿን ብቻ ነው። ሐጂ ተውበቴ ሐሰት ነበር አላሉም። ከልባቸው አዝነው ነው የማሉት፤ ያንን ኒያ አላህ ያውቀዋል። ስህተቱ የመጣው በኋላ፣ መሐላው ሲያምርባቸው ነው። ሪያ የሚባለው፣ ለሰው ዓይን ብሎ የመሥራት በሽታ ሁልጊዜ በመጥፎ ሰው ደጅ አይገባም። ከእውነተኛ ተውበትም አጠገብ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፣ አብሮት ያረጃል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሲመሰገን ሌላው ሸክሙን ይሸከማል፤ አመስጋኙም የሚያየው የሚታየውን ነው። ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ጎበዝ አለ፣ ሱሑሩን፣ ከንጋት በፊት የሚበላውን፣ የምታዘጋጅለት እህቱ ግን ጾመኛ ተብላ አታውቅም። ሰው ፊት ቁጣውን የሚውጥ ትዕግሥተኛም አለ፤ የዋጠውን ይዞ የሚገባው የት እንደሆነ የምታውቀው ሚስቱ ናት።

ዚያዳ ደግሞ ብትመክራቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አይከብድም። ሐጂ ዓሊም ናቸው፣ ኪታብ ጠቅሰው ይረቷት ነበር፤ እሷም ተረትታ ወደ መቀሷ ትመለስ ነበር። ስጦታን ግን በኪታብ አይረቱትም። ወይ ይቀበሉታል ወይ ይመልሱታል፤ ሁለቱም ሰውን ያሳያሉ። ደግነቷም ብልህነቷም እዚህ ላይ ነው፤ አላፊ ነገር ሰጥታቸው ያላፊውን ዓለም ሙገሳ ከትከሻቸው አወረደችላቸው።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ሶላት ስትነሱ፣ ውዱእ የምታደርጉበትን ውሃ ማን እንደቀዳው ጠይቁ። መልሱን ካላወቃችሁ ሶላቱ ይቆይ አይባልም። ምስጋናው ግን ብዙ ቆይቷል።