አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ወንድማማቾች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሰማዩ ተቀዶ በከረመበት ነሐሴ፣ ሽመል ውሃ በሚባል ወንዝ ዳር ጋሽ ዳምጤ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ያላቸው አንዲት አሮጌ ጂፕ፣ ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ነው። ልጅቱ እናትነሽ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ሆነ። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል።

ጭንቀቱ ጋሽ ዳምጤን መቀመጫ አሳጣቸው። ከበሩ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ በሩ ተመላለሱ። በመጨረሻ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና፣ «ልጄን በሕይወት ላሻገረልኝ ጂፗ የእሱ ናት! ቃሌን ባጥፍ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» ብለው ማሉ።

ታላቁ ሞላልኝ መካኒክ ነው። የጂፗን ኮፈን ከፈተ። ማራገቢያው ውሃ እየቀዳ ሞተሩ ላይ እንዳይረጭ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አላላ። አየር የምትስብበትን አፍ በላስቲክ ቱቦ ቀጥሎ እስከ ጣሪያዋ አወጣው። ፊቷን በሸራ ሸፈነ። ከዚያማ እጁን አጣጥፎ ቆመ!

«ምን ትጠብቃለህ አንተ?» ጮኹ ጋሽ ዳምጤ።

«ትብረድ አባባ። ከወፍጮ ቤት ገና መመለሷ ነው፤ እንደ ጋለች ከገባች ድንገት ስትቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ትስባለች።»

እህቱ ከውስጥ እየጮኸች ግማሽ ሰዓት አቆማቸው። ጋሽ ዳምጤ በሆዳቸው ረገሙት። ግን ባለፈው ሳምንት ዘው ብሎ የገባው የአንድ ነጋዴ መኪና ጣሪያው ብቻ እየታየ ወንዙ መሃል ቀርቷል፤ እሱን እያዩ ጠበቁ።

መካከለኛው ስጦታው ዋናተኛ ነው። ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ የገመዱን ጫፍ ለሞላልኝ ሰጥቶ፣ ዱላ ይዞ ገባ። የዘወትሩን መሻገሪያ ጎርፍ ቦርቡሮት ዱላው መሬት አልነካ አለው። ወደ ላይ ወጣ ብሎ ጠጠራማ መንገድ አገኘ፤ ውሃው እስከ ወገቡ ነው። መሃል ላይ እንደ ካስማ ተተክሎ፣ «በቀኜ እለፉ! በግራዬ ገደል ነው!» አለ።

ታናሹ ካሴ ሹፌር ነው። እናትነሽን ከኋላ በጆንያ ላይ አስተኟት፤ ጋሽ ዳምጤ አጠገቧ ሆኑ። ካሴ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ገባ። ስጦታው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ጎርፉ ያመጣው ግንድ እግሩን መታው። ጮኸ፤ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

«ወንድምህ ነው! ቁም!» ጮኹ ጋሽ ዳምጤ።

«እግሬን ከነዳጁ ካነሳሁ ሞተሩ ይጠፋል፣ አባባ! ሁላችንም እንቀራለን!» ካሴ እያለቀሰ ነው የሚነዳው። አላቆመም። ጂፗ ውሃውን እየገፋች ማዶ ወጣች። ስጦታውን ሞላልኝ በገመዱ ጎትቶ አወጣው፤ እግሩ ተሰብሯል።

እናትነሽ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አዋላጇም፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር» አለች። ጋሽ ዳምጤ ሞላልኝ ያስቆማቸውን ያቺን ግማሽ ሰዓት አስታወሱ።

ቁልፉ ኪሳቸውን ሲያቃጥላቸው ከረመ። በአርባው ቀን፣ ሕፃኑ ክርስትና ተነስቶ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ባላዘጋጃት እንደ ነጋዴው መኪና ትቀር ነበር» አለ ሞላልኝ።

«ብትዘጋጅስ? ገደል ነበር የምትገባው» አለ ስጦታው በክራንቹ ተደግፎ።

ካሴ አቀረቀረ። «እኔ ወንድሜን አልፌ ነው ያሻገርኳት።»

አንድ አጎት «ይካፈሏታ!» ቢሉ ጋሽ ዳምጤ ተቆጡ። «መኪና የቅርጫ ሥጋ ነው እንዴ? የማልኩት ለአንድ ሰው ነው!» ወደ እናትነሽ ዞሩ። «አንቺ ተናገሪ፣ ልጄ።»

«አንዱን ብጠራ በሁለቱ ፊት እንዴት እቆማለሁ? የማሉት እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

ጋሽ ዳምጤ ቁልፉን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡ፤ ደግመው አነሱ። ሦስቱም ልጆች የአባታቸውን እጅ እያዩ ነው። እስቲ እናንተ፣ ሰው ማስታረቅ እናውቃለን የምትሉ፣ ፍረዱ፦ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ቁልፉን በማን እጅ ታኖራላችሁ?