የጅብ ትራፊ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ላውራችሁ።

አንድ ጆሮዋ ግማሽ የሆነ አህያ ነበረች። ጆሮዋን የቆረጠባት ጅብ ነው። ከዚያ ወዲህ የሜዳው ከብት ሁሉ «የጅብ ትራፊ» ይላታል። እሷም ለምዳው ስሟን ለጠየቃት ሁሉ «ትራፊ እባላለሁ» ትላለች። ቅጠል ኮሽ ካለ ቀድማ የምትሮጠው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በሬ አጠገቧ ተኝቶ ሲያመሰኳ፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ያን ዕለት እንዴት አመለጥሽ?» አላት።

«ጆሮዬን ነክሶ ያዘኝ፤ ስታገል ግማሹ ተቆርጦ አፉ ውስጥ ቀረ። ዞሬ አፉን በእርግጫ ስለው ሁለት ጥርሱ ረገፈና ትቶኝ ሸሸ።»

በሬው ማመስኳቱን አቆመ። «እንዲያ ከሆነማ ጅቡ ነው ያንቺ ትራፊ!»

እንዲህ ያላት ማንም አልነበረም። ሣር ስትግጥም ውኃ ስትጠጣም ነገሩን ለራሷ እየደጋገመች ስታወራው ሰነበተች።

ከሳምንት በኋላ ጅቡ በጠራራ ፀሐይ ሜዳው ዳር ካለው ጉድባ ብቅ ሲል ከብቱ ተበታተነ።

«ትራፊዬ፣ ልጨርስሽ መጣሁ» አላት።

እግሯ ሽሽ ሽሽ አላት፤ እሷ ግን ቆመች። «ስሜን ተሳስተሃል። እኔ ጥርስህን ያረገፍኩት ነኝ። የቀሩህንም ይዘህ ና!» ብላ የኋላ እግሯን አዞረችለት።

ጅቡ ምላሱን ድዱ ላይ አመላለሰ። «ለዛሬ ጠግቤያለሁ» አለና ወደ መጣበት ተመለሰ።

ጅቡ ከዓይኗ ሲሰወር በሬው ቀስ ብሎ መጣና እስክትረጋጋ ድረስ ጎኑን አስደገፋት።

እኔም ተደጋግፈው እንደቆሙ ትቻቸው መጣሁ።