የድኩላዋ መረቅ

በአንድ ወቅት፣ ከጥድ ጫካ ሥር፣ ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ጠጋ በሉ እንጂ ልጆቼ፣ ድምፄ ድሮም ቀጭን ነው። ይቺ ሴት ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ታላቁ ደምለው፣ ተከታዩ ሽበሺ፣ የመጨረሻዋ ማንጠግቦሽ። ማንጠግቦሽ ከእናቷ ጎን ተለይታ የማታውቅ፣ እናቷ ስትስል እሷ ደረቷን የሚያማት ዓይነት ልጅ ነበረች።

ከቤቱ ጀርባ ምንጭ ያለበት ጓሮ አላቸው። አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ያ ጓሮ አይደርቅም። ታዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ድኩላ ግልገሏን አስከትላ ከጫካው ትወርዳለች። ትርንጎ የጓሮ በር ላይ ተቀምጣ ታያታለች። አበላሏን ብታዩ ሰው መሆናችሁ ያሳፍራችኋል! ከአንዱ ጎመን ጫፉን ቀንጠስ ታደርግና ወደ ሌላው ታልፋለች እንጂ ነቅላ አትበላም። ጎረስ አድርጋ ቀና፣ ጆሮዋን ወዲህ ወዲያ፣ ደግሞ ጎንበስ። ግልገሉ ከኮክ ዛፉ ሥር የወደቀውን ሲለቅም እሷ ዘብ ትቆማለች።

«እዩዋት» ትላለች ትርንጎ፣ «ከናንተ እሷ ጨዋ ናት። ለነገ ታስተርፋለች።»

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ትርንጎንም ንዳድ ጣላት። ንዳዱስ ለቀቃት፤ እህል ግን እንቢ አላት። ማንጠግቦሽ ብታጎርሳት ትተፋዋለች። ድኩላዋ መጥታ ስትበላ ያየች ማታ ብቻ «እሷም በላች፣ እኔም ልቅመስ» ብላ አጥሚት ፉት ትላለች። ነፍስ በአውሬ አፍ ተንጠለጠለች ማለት ይሄ ነው።

ደምለው ጓሮውን ዞሮ አየና «ድኩላዋ ትጥገብ፣ እኛስ ምን ልንበላ ነው?» አለ። እሾህ ቆርጦ ዙሪያውን አጠረው። በምንጩ በኩል ግን እስከ ውሃው ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ሽንቁር ተወ። በነሱ አገር ውሃ ለጠላትም አይከለከልማ። በጓሮው የዘሩት ባቄላ ተረፈ፤ ቤተሰቡም በዚያ ባቄላ ነፍሱን አቆየ።

ድኩላዋ ግን ጎመኑን ስታጣ መምጣቷን ተወች። የትርንጎ አፍም ተዘጋ። ማንጠግቦሽ ይህን ስታይ ከጓዳ የቀረችውን ስባሪ አሞሌ አወጣችና ሽንቁሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ፈተገቻት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ጨው ለሰው ጠፍቶ!» አለ ደምለው።

«ለሰው ነው» አለችው።

ድኩላዋ የጨውን ሽታ ተከትላ ተመለሰች። መጀመሪያ ድንጋዩን ላሰች። ስትለምድ የማንጠግቦሽን መዳፍ ላሰች። ምላሷ ሻካራና ሙቅ ነበር። ትርንጎ ከበሩ ሆና ሳቀች፤ ያን ማታ ጣሳዋን ጨረሰች።

ሽበሺ ግን የእናቱ ክንድ ከቀን ወደ ቀን ሲቀጥን አየና ወደ ባለመድኃኒቱ ሄደ። ሰውየውም «አጥሚት አያነሳትም። የሥጋ መረቅ ካልጠጣች መቃብሯን አስቆፍሩ» አለው። ሽበሺ መንደር ለመንደር ዞረ፤ ዶሮ እንኳ ጠፋ። ተመልሶ የአባቱን ጦር ከግድግዳ አወረደና ከሽንቁሩ አጠገብ ቆመ። ድኩላዋ መጣች። አልሸሸችውም። መዳፉን ልትልስ አንገቷን ዘረጋችለት። በስመ አብ ብሎ ወጋት። እያለቀሰ ነበር አሉ።

ሥጋውን ማንጠግቦሽ ፊት አኖረው። «ቀቅዪ።»

«አረመኔ!»

«እሺ፣ አረመኔ ነኝ። እማዬ ግን ትኑር። አትቀቅዪም?»

ቀቀለች። ምን ታድርግ? ጣሳውን ይዛ ስትገባ እናቷ «የምን መረቅ ነው?» አለቻት። «የበግ ነው እማዬ» አለች ማንጠግቦሽ። ትርንጎም ጠጣች። ድኩላዋን ግን ስትጠብቅ አመሸች። «ቀረች ሳ?» ስትል፣ «ወንዝ ማዶ ወርዳ ይሆናል» ይሏታል። እየጠጣች ደም ገባላት፤ በእግሯ ቆመች፤ በትር ይዛ ጓሮ ወጣች።

ጎረቤቱ «እንኳን ማረሽ» ሊል ተሰበሰበ። ትርንጎ ደስታዋ በዝቶ በሽማግሎቹ ፊት «ይህን ጓሮ ከሞት አፍ ለመለሰኝ ልጄ አውርሻለሁ» አለች። ምነው ባላለች!

«በኔ አጥር ነው ባቄላው የተረፈው!» አለ ደምለው። «ሽንቁሩንስ ማን ተወው?»

«በኔ ጨው ባትለምድ በሽንቁርህ ንፋስ ብቻ ይገባበት ነበር!» አለች ማንጠግቦሽ፤ አፏን ልትይዝ ስትል አመለጣት።

«ጨውሽ አይጠጣም! እኔ ባልወጋት…» አለ ሽበሺ።

በዚያው ሰዓት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ግልገሉ ብቻውን በሽንቁሩ ገባና ድንጋዩን ይልስ ጀመር። ጨው ከላዩ ካለቀ ቆይቷል።

ትርንጎ ግልገሉን አየች። ማንጠግቦሽን አየች።

«የበግ ነው አልሽኝ።»

ማንጠግቦሽ መሬት መሬት አየች።

«እንግዲያስ ቃሌን አላጥፍም» አለች ትርንጎ። «ጓሮው ላዳነኝ ነው። እርግማኔ ደግሞ ይህን ግልገል እናት ላሳጣው። በሉ፣ አሁንም ‹እኔ ነኝ› በሉ!»

ያኔ ሽሚያው ተገለበጠላችሁ። «እኔ ሽንቁሩን የተውኩት ለውሃ ነው» አለ ደምለው። «ሰው ያለመዳት እሷ ናት፤ እኔማ የዱር አውሬ መች እደርስባት ነበር?» አለ ሽበሺ። ማንጠግቦሽን ግን ያ ሻካራ ምላስ ገና መዳፏ ላይ ያለ መሰላት፤ ከቀሚሷ ጋር ብትፈትገው፣ ብትፈትገው አልለቅ አላት።

ሽማግሎቹ ሲሟገቱ መሽቶ ተበተኑ። ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ብዙ ኖረች፤ ጤናዋም እንደ ድንጋይ ሆነ። ልጆቿን ግን በስማቸው ጠርታ አታውቅም፤ «አንተ» እና «አንቺ» ሆኑ። ጓሮው ባለቤት አጥቶ አረም ዋጠው፤ ግልገሉም አንድ ማታ ሳይመጣ ቀረ።

በሉ እስቲ፣ እናንተ ፍረዱ። ደምለው መንገዱን ከፈተ፣ ማንጠግቦሽ አለመደቻት፣ ቀቅላም ዋሸች፣ ሽበሺ ወጋት፤ ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ትርንጎ አፈር ነበረች። ጓሮው ለማን ይገባል? እርግማኑስ? አንዱን የወሰደ ሌላውንም ይውሰድ ብትባሉ፣ ለማን ትሰጣላችሁ?