ሳይጾሙ የሚፈስኩ ሰዎች

አንድ አረጋዊ ቄስ በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ዝናብና ነፋስ በማይለያት አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ይኖሩ ነበር። ስማቸው አባ ኮልም ይባላል። ከተማዋን ያጠመቁ፣ የዳሩና የቀበሩ እርሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በስተርጅና ግን አንድ ጥያቄ እረፍት ነሳቸው። የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ከእንግዲህ ሊከበር ይገባዋልን?

ነገሩ ለእኛ ሩቅ ስለሆነ ጥቂት ላስረዳ። ፓትሪክ አየርላንዳዊ አልነበረም። ገና ጎረምሳ ሳለ የባሕር ወንበዴዎች ከአባቱ ቤት ነጥቀው ወደዚያች ደሴት ወሰዱት፤ በባርነት መንጋ ሲጠብቅ፣ ሲራብና ሲበርደው ዓመታት አለፉ። አምልጦ አገሩ ከገባ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ባሪያ ወዳደረጉት ሰዎች ተመልሶ ወንጌል ሰበከላቸው። አየርላንዳውያን ቀኑን የሚያከብሩለት ለዚህ ነው።

በዓሉ የሚውለው በመጋቢት ወር፣ በዐቢይ ጾም መካከል ነው። በጥንት ዘመን የአባ ኮልም ከተማ ጾሙን አጥብቃ ትጾም ነበር፤ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ መጠጥ የለም። ባለጸጋውም ዓሣ አጥማጁም ድንቹን በጨው እያጣቀሰ ይሰነብታል። በቅዱሱ ቀን ግን ለአንድ ቀን ብቻ ጾሙ ይፈታል። ሕዝቡ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል፤ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ደጃፉ ላይ ቆመው «ስለ ቅዱሱ ብላችሁ ዛሬ ብሉ፤ ነገ ወደ ጾማችሁ ትመለሳላችሁ» ይላሉ። ይህ ቃል ሳይነገር አፉን የሚሽር ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የምትቀመሰው ቁራሽ ሥጋና የምትጠጣው አንዲት ብርጭቆ እንዴት እንደምትጣፍጥ የሚያውቀው የጾመ ብቻ ነው።

ዘመን እየተለወጠ ሲሄድ ሰዉ ጾሙን ተወው። ፍስኩን ግን አልተወውም። እንዲያውም ጨመረበት። አንድ ብርጭቆ የነበረው በርሜል ሆነ፣ ቢራውም አረንጓዴ ቀለም ተበጠበጠበት። ባለ ድምፅ ማጉያ የጭነት መኪናዎች ይሰለፋሉ፤ ሰው ሠራሽ ጢም የለጠፈ ሰካራም ቅዱሱን መስሎ መኪናው ላይ ቆሞ ከረሜላ ይበትናል። ቅዱሱ የሥላሴን ምሥጢር አስተማረባት የምትባለውን ባለ ሦስት ቅጠል የማገጥ ሣር እንኳ በመጨረሻው ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው ይጨልጧታል። ሲመሽም ለሽንታቸው የሚመርጡት የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ነው። ምን ይደረግ፣ ከለላ አለው።

በዚያች ከተማ ጾሙን የምትጾም አንዲት ሴት ብቻ ቀርታ ነበር። ስሟ ሞይራ ነው። ባሏን ባሕር በልቶታል፤ ልጆቿ አውስትራሊያ ገብተው እዚያው ቀልጠዋል። ጾም ሲገባ እንደ ልማዷ አባ ኮልም ዘንድ መጥታ ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች።

«አባቴ፣ ዘንድሮም በእርስዎ ቃል እፈስካለሁ» አለቻቸው።

«ሞይራ፣ ጉልበትሽ ደክሟል። ዘንድሮ ብትተዪው እግዚአብሔር አይቆጣሽም።»

«ብተወውማ በዓሉን በምን ላውቀው ነው? ሌላውን ቀን ሁሉ ብቻዬን ነኝ። ያን ቀን ግን እርስዎ ደጃፉ ላይ ቆመው ‹ብሉ› ሲሉ፣ ባሌም እናቴም አብረውኝ የቆሙ ይመስለኛል። ሌላ በዓል የለኝም።»

አባ ኮልም ባረኳትና ሸኟት። ቃሏም ልባቸው ውስጥ ገባ።

በሳምንቱ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ደርሞት መጣ። ደርሞት ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳቂታ ነው፣ ለጋስ ነው፣ ሲጠራም ሲያስከፍልም አንጀት ይበላል። የበዓሉን ሰልፍ የሚያሰናዳው እርሱ ስለሆነ፣ ቄሱ ከፊት መኪናው ላይ ቆመው እንዲባርኩ ሊጠይቅ ነው የመጣው።

«ለመሆኑ» አሉ አባ ኮልም፣ «የትኛውን ጾም ጾማችሁ ነው የምትፈስኩት?»

«አባቴ፣ ጾሙን እርስዎ ይያዙት፣ ፍስኩን ለእኛ ይተዉልን። ሥራ ተከፋፈልን ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ቄሱ አለመሳቃቸውን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክረምቱን ሙሉ ይህች ከተማ በድን እንደሆነች ያውቃሉ። እንግዳ የሚመጣው ለዚህ ቀን ነው። ቢቀር ስንቱ ቤት ጦሙን እንደሚያድር ያስቡት። ያን ጊዜ ያለ ፍስክ የሚጾም ሕዝብ ያገኛሉ።»

 ነገሩ እውነትነት ነበረው። ስለዚህ አባ ኮልም መደራደር ጀመሩ። ከበዓሉ በፊት ከተማው አንድ ሳምንት ይጹም፣ እኔም መኪናው ላይ እወጣለሁ አሉ። ደርሞት አንገቱን አከከ። ሦስት ቀን አሉት። አሁንም አከከ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ዋዜማውን ብቻ አሉ። ደርሞት እጃቸውን ጨብጦ፣ «ይህማ ግሩም ሐሳብ ነው አባቴ፣ ለእኔ ይተዉት» ብሎ ወጣ።

ሽማግሌው ቄስ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። አንድ ቀን የጾመ ሁለተኛውን ይለምዳል፣ ብለው ተስፋ አደረጉ። ስብከታቸውን ከወትሮው አስረዝመው አዘጋጁ። የዋህነታቸው ያሳዝነኛል፤ ግን ተስፋ ባደረገ ሰው ላይ ማን ይፈርዳል።

የዋዜማው ቀን ደረሰ። አባ ኮልም ከቀትር በኋላ ሕዝቡ እንዴት ዋለ ብለው ወደ ወደቡ ወረዱ። በመጠጥ ቤቱ በር ላይ «ታላቅ የጾም ድግስ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ውስጡ ጢም ብሏል። የጾም ምግብ ነው እየተባለ በቢራ የተለወሰ የተጠበሰ ዓሣ ይታደላል። እንግዶቹ ጉንጫቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ የተራበ ሰው መስለው ፎቶ ይነሣሉ። አንዱ የመነኩሴ ቆብ ደፍቶ ብርጭቆ በጨለጠ ቁጥር «አቤቱ ማረን» ሲል ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ደርሞት ቄሱን ሲያይ በደስታ እየተጋፋ መጣ።

«ያዩታል አባቴ? ሁሉም ወደዱት። ከእንግዲህ ሁለት ቀን እናከብራለን።»

አባ ኮልም ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ። መንገድ ላይ አለቀሱ። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር፤ ሰዎቹ ግን ለመሳደብ አላሰቡም፣ ከልባቸው ታዘው የቻሉትን አድርገዋል። ጾም ቢሰጧቸው ድግስ አደረጉት። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ምን ይሰጡታል?

ቤታቸው ገብተው ጨርቃቸውን ሸከፉ። በዓሉ ሞቷል፣ ለሞተ በዓል ደጅ አልከፍትም፣ አሉ። ነገ ሕዝቡ የተዘጋ በር ሲያይ ይደነግጥ ይሆናል፤ ባይደነግጥም እኔ የዚህ ቧልት አጃቢ አልሆንም፣ አሉ። ሞይራ ትዝ አለቻቸው። ትዝ አላለቻቸውም ብል ውሸት ይሆናል። ግን ራሳቸውን እንዲህ ብለው ሸነገሉ፦ ሞይራ ትረዳኛለች፤ በዚህ ነገር ከእኔ እኩል የምታዝነው እርሷ ናት። ከዚያም የቤተ ክርስቲያኑን በር ቆልፈው፣ ራቅ ብሎ ወደሚገኘው የእህታቸው መንደር ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ይጥል ነበር። ሞይራ ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ ዳገቱን ቀስ እያለች ወጥታ፣ ከደጃፉ ደረሰች። በሩ ተዘግቷል። ቀድሜ መጥቼ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ሰልፉ ከታች ተነሥቶ፣ ሙዚቃው እየጮኸ በፊቷ አለፈ። እንግዶች መጥተው ከተዘጋው በር ፊት ፎቶ ተነሡ፤ አሮጌ በር ለፎቶ ያምራል። እርሷንም ትንሽ ፈቀቅ እንድትል በትሕትና ጠየቋት። ፈቀቅ አለችላቸው።

ደርሞት ከመኪናው ላይ አይቷት ወርዶ መጣ። «እማማ፣ በዚህ ዝናብ ምን ያደርጋሉ? ቤት ይግቡ፣ ትኩስ የበግ ሥጋ አለ፤ ሂሳብ የለብዎትም።»

«አባ ሳይሉ?» አለች።

«አባ ሄደዋል እማማ።»

«እንግዲያው ይመጡ ይሆናል» አለችና ቆመች።

ሰልፉ አልቆ መንገዱ ጭር እስኪል ቆየች። ከዚያ ዳገቱን ወርዳ ቤቷ ገባች፤ ወተት የሌለው ሻይዋን ጠጣች፣ ቅቤ ያልነካው ዳቦዋን በላች፣ ተኛች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ከተማው በሙሉ በስካር ሲንገዳገድ ያ ቀን ያልደረሰው ሰው ቢኖር፣ የቀኑ ባለቤት የነበረችው ሴት ብቻ ናት።

አባ ኮልም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሱ። መጀመሪያ ያገኙት ደርሞትን ነበር።

«በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው ሕዝቡ ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። ድምፃቸው ውስጥ ጥቂት ተስፋ ነበረች።

ደርሞት ዓይናቸውን ማየት ከበደው። «እውነቱን ልንገርዎት አባቴ፣ ማንም ልብ ያለው የለም። እማማ ሞይራ ብቻ ደጃፉ ላይ ቆመው አየኋቸው።»

ሽማግሌው የያዙትን ጓዝ እዚያው ጥለው ወደ ሞይራ ቤት ገሰገሱ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አገኟት፤ ከስታለች። ከፊቷ ባዶ ሻይ ነበር።

«ሞይራ፣ በዓሉን ዋልሽ?»

«ማን ፈታኝና እውላለሁ?»

«በእነርሱ ተናድጄ ነው። ቧልት ሲያደርጉት አይቼ አልቻልኩም።»

«እነርሱማ ቀድሞም ወደ በሩ አይመጡም ነበር» አለች ሞይራ። «የመጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ በሩን የዘጉት በእኔ ላይ ነው።»

ቄሱ ተንበረከኩ። «አሁን ልበልልሽ። ስለ ቅዱሱ ብለሽ ብዪ...»

«ቀኑ አለፈ አባቴ» ብላ አቋረጠቻቸው። አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ታሪኩም ሌላ መጨረሻ ይኖረው ነበር። «ቅዱሱ ባሪያ ወዳደረጉት ሰዎች ተመለሰ። እርስዎ ግን የሚጠብቅዎትን ሰው ትተው ሄዱ። እኔ ምን እላለሁ፣ ሰው ነዎት።»

ዓመቱ ዞሮ በዓሉ ደረሰ። አባ ኮልም ገና ሳይነጋ በሩን ከፈቱ፣ ደወሉን ራሳቸው ደወሉ፣ ለባዶ ወንበር ቀደሱ። ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ማንም አልመጣም። ሞይራ ታማ ይሆናል ብለው ተጨንቀው ወደ ቤቷ ሲወርዱ፣ በመጠጥ ቤቱ መስኮት በኩል አዩዋት። ከሰካራሞቹ መካከል ተቀምጣለች። አንዱ አረንጓዴ የወረቀት ባርኔጣ ደፍቶባታል፤ ከፊቷ ሥጋ የሞላበት ሳህን አለ፤ ደርሞትም ጎንበስ ብሎ እየቆረሰ ያጎርሳታል። ቄሱ ገብተው አጠገቧ ቆሙ።

«ሞይራ፣ ደወሉን አልሰማሽም?»

«ሰማሁ።»

«ጾሙስ?»

«ዘንድሮ አልጾምኩም አባቴ» አለች። ከዚያም ከጎኗ ያለውን ሰው ፈቀቅ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው። «ይቀመጡ እንጂ። እዚህ ሞቅ ይላል።»

ወዳጄ፣ ከዚህ ታሪክ ማጽናኛ ፈልጌ አላገኘሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እኛም እንዲሁ ነን። በዓላችን ተበላሸ፣ ዘፈንና ስካር ሆነ፣ ሊቀር ይገባዋል እያልን እንቆጣለን፤ ቁጣችንም እውነት አለው። ግን የቀለዱበት ሰዎች በቁጣችን አንዲት ብርጭቆ አይጎድልባቸውም። የምንጎዳው አንድ ጥግ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የጾመውን፣ እኛን አምኖ በዝናብ የቆመውን ነው። ቧልተኞች በዓሉን ያረክሱታል እንጂ መግደል አይሆንላቸውም፤ የሚሞተው የመጨረሻው ጿሚ «ማን ፈታኝ» ብሎ መልስ ያጣ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ደወል ቢደወል ምን ይሠራል?

አንተስ፣ ተናድደህ የዘጋኸው በር ካለ፣ ከውጭ ቆሞ የቀረው ማን እንደሆነ አይተሃል?